ሞተሩን ያላጠፋው ባሕርተኛ

የበላቸውን ሞት የሰማሁት አምቦ መዋኛ ውስጥ ሆኜ ነው። መዋኛ ውስጥ ስል እንዳትሳሳቱ፤ ሕፃናት በሚንቦጫረቁበት ጥግ ቆሜ ነበር፣ ውሃው እምብርቴ ላይ። ከዚያ አልፌ አላውቅም። የልጅ ልጆቼ እኩዮች በጎኔ እየጠለቁ ሲያልፉ "አይዞዎት አባባ" ይሉኛል፤ እኔም እንደ ትልቅ ሰው ክንዴን ዘርግቼ ውሃውን በክብር ወደ ጎን እገፋለሁ። በዚህ መሐል ልጄ ስልኬን በፎጣ ይዛ ከዳር ጠራችኝ። "አባዬ፣ ከሸነን ነው። አዴ ጫልቱ ናቸው።"

ጫልቱ የበላቸው ሚስት ናት። ሰላምታዬን አላስጨረሰችኝም።

"ጋሼ ሞገስ፣ ሰውዬው ሄደ" አለችኝ።

"ወዴት?" አልኳት።

መርዶ ተነግሮት "ወዴት?" የሚል ሽማግሌ ጃጅቷል ይባላል። ስለ መጃጀቴ አልከራከርም። ግን በላቸውን የሚያውቅ ሁሉ ይፈርድልኛል፤ ያ ሰው ባወቅኩት ዘመን ሁሉ ሊሄድ የተነሣ ሰው ነበር። ሻይ የሚጠጣው ቆሞ ነው። ወንበር ላይ ከተቀመጠም ጫፉ ላይ ነው፣ አንድ እግሩ ወደ በር። መኪና ሲያቆም አፍንጫዋን ወደ መውጫው አዙሮ ነው። ከታጣፊ አልጋው ሥር ደግሞ ልብስ፣ ሳሙናና ምላጭ የታጨቀበት የሸራ ሻንጣ ሁልጊዜ ተቆልፎ ይቀመጣል። "ይሄ ለምንድን ነው?" ስትሉት መልሱ አንዲት ቃል ናት፤ "ከተጠራሁ።"

ወደ እኛ የመጣው ከምጽዋ ከበባ በኋላ ነው። ባሕርተኛ ነበር። ፍንዳታ ግራ ጆሮውን ስለደፈነው ከመርከብ አውርደው እኛ መሥሪያ ቤት በሾፌርነት መደቡት። ያኔ ከገበሬ ማኅበራት እህል እየገዛን ወደ አዲስ አበባ እንጭን ነበር፤ እኔ የግዥ ሠራተኛ ነኝ። የተመደበበት ቦታ በወረቀቱ ላይ ሀገረ ሕይወት ይላል። ሀገረ ሕይወትና አምቦ አንድ መሆናቸውን የነገረው የለም። በአውቶቡስ አምቦን አልፎ ጉደር ወረደና "ሀገረ ሕይወት ገና ነው?" ብሎ ጠየቀ። "ጌታው፣ ተኝተውባት አለፉ" አሉት። በእግሩ ተመልሶ አቧራ ለብሶ ቢሮ ሲገባ አለቃችን "ጓድ፣ ለምን ዘገየህ?" አለው። "ወደቡን አልፌው ሄድኩ" አለ። የዚያን ዕለት ወደድኩት።

በግማሽ ጆሮ ስለሚሰማ ይጮኻል። አምቦ ላይ ምስጢር ሲነግራችሁ ጊንጪ ይሰማል። በዚያ ጊዜ ደግሞ፣ የዘመኑ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚኖረው። ከእሱ ጋር ሻይ ቤት መግባት ከነድምፅ ማጉያው መግባት ነበር። "ሞጌ! የትናንቱ ስብሰባ አሰልቺ ነበር አይደል?" ሲለኝ ስኳሩን እያማሰልኩ ጠረጴዛው ሥር መግቢያ እፈልጋለሁ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ገመዱ ነው። የጭነት መኪናችን ኋላ ላይ፣ የጭነቱ ሣጥን ውስጥ፣ የብረት ገመድ የተጠመጠመበት መጠቅለያ በራሱ እጅ በየደ። ጭቃ ወይም ወንዝ ፊት ሲደርስ ይቆማል፣ ይወርዳል፣ የገመዱን ጫፍ ከኋላ ካለ ትልቅ ዛፍ ያስራል፤ ከዚያ ገመዱን እየለቀቀ ወደ ፊት ይገባል። ጉዳዩ ካላማረው በመጠቅለያው እየጎተተ ወደ ኋላ ይወጣል። እጀታውን የሚያሽከረክረው ማን መሰላችሁ? እኔ፣ በኮትና በክራባት። ሌላው ሾፌር ሁሉ በነዳጅና በእግዜር ቸርነት ይሻገራል፤ እኛ ዛፍ እንፈልጋለን። አምቦ ውስጥ ስሙ "መልሕቅ" ሆነ። የእኔን የቅጽል ስም አልነግራችሁም።

አንድ የሐምሌ ቀን፣ ሸነን መግቢያ ላይ ያለው ወንዝ ሞልቶ፣ እስኪጎድል ዳሩ ላይ ቆመን እንጠብቃለን። ከእኛ ጋር አህዮቻቸውን የያዙ ገበሬዎች አሉ። ከመካከላቸው ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ ገመዱን ከዛፉ እስከ መኪናው በዓይናቸው ተከትለው "ይቺ መኪና ትነክሳለች እንዴ?" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በላቸው ተቆጣ መሰለኝ፤ እንጨት አንሥቶ ጭቃው ላይ መርከብ መሣል ጀመረ።

"አባቴ፣ መርከብ ሁሉ መሬት ይፈራል" አለ፣ ወንዙን በሚያስንቅ ድምፅ። "መሬት የነካ መርከብ አበቃለት። የእኔዋ ግን መሬት እንድትመታ የተሠራች ናት። ታንክና ወታደር ጭና በሙሉ ኃይሏ ዳርቻው ላይ ትወጣለች፣ አፍንጫዋ እንደ በር ይከፈታል፣ ሰው በደረቁ ይወርዳል።"

"ሾፌሯ ሰክሮ ነው?" አሉ ኦቦ ዲንሳ።

"አልሰከረም! ሥራዋ ነው!" ከዚያ ታሪኩን ተረከላቸው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንዲህ ያለ መርከብ የለም። አንድ የከሰል መርከብ ጎኗን በስተው፣ ወታደር አጭቀው ዳርቻ ላይ ነዷት፤ ወታደሩ በጠባቡ ቀዳዳ በተራ ሲወጣ ጠላት በተራ ለቀመው። "ከዚያ በኋላ ነው ሰው በር ማሰብ የጀመረው" አለ። በሁለተኛው ጦርነት ትንንሽ ጀልባዎች ተሠሩ፤ እነሱ ዳርቻ ይወጣሉ፣ ሰፊውን ባሕር ግን አይችሉትም። ትልልቆችም ተሠሩ፤ ባሕሩን ይችላሉ፣ ግን ዘገምተኛ ናቸው፣ ለጠላትም ሰፊ ዒላማ። ስለዚህ አሜሪካኖች መካከለኛዋን አመጡ። ጥቂት ታንክ ትጭናለች፣ ከሌሎቹ መርከቦች ጋር እኩል ትሮጣለች፣ ትልቋ የማትደፍረው ጠባብ ዳርቻ ትገባለች። አንዳንዷን ታንኩን አስወርደው ሮኬት ጫኑባት። ከጦርነቱ በኋላ ሩስያኖቹም ፖላንድ ውስጥ የራሳቸውን አሠሩ፣ በር ያላት፣ ሮኬትም ያላት። ወደ እኛ የመጣችው እሷ ናት።

"ሆዷ ዝርግ ነው፣ እንደ ትሪ" አለ። "ዳርቻ ላይ እንድትወጣ። ባሕር ላይ ግን ትሪ ምን እንደሚሆን ገምቱ። ጄኔራሉም ተራው ወታደርም እኩል ያስታውካሉ። እኩልነትን እዚያ ነው ያየሁት።"

ዙሪያዬን ገልመጥ ገልመጥ አልኩ። ደግነቱ አህዮቹ ብቻ ነበሩ የተንቀሳቀሱት።

"መካከለኛ መሆን መጥፎ ነው" ሲል ቀጠለ። "ለመደበቅ ትልቅ፣ ለመዋጋት ትንሽ። ሥራው ሁሉ ግን እሷ ላይ ነው።" ይህን ሲል እኔን አየኝ። ከአለቃ በታች፣ ከተሸካሚ በላይ፣ በክራባት ገመድ የሚጠቀልል ሰው ነኝና ነገሩ ገባኝ።

"ገመዱስ?" አሉ ኦቦ ዲንሳ።

"ዳርቻውን ከመምታቷ በፊት ከኋላዋ መልሕቅ ትጥላለች። ስትጨርስ በዚያ ራሷን ጎትታ ወደ ባሕሯ ትመለሳለች። ያንን ያልጣለች መርከብ መሬት ላይ ትቀራለች። የእኔ ሥራ እሱ ነበር፤ የኋላ መልሕቅ።"

ኦቦ ዲንሳ ሥዕሉን ብዙ አዩት። "እንግዲህ ሲገባ መውጫውን የሚያስብ ነው" አሉ። ሙገሳ ይሁን ስድብ አልገባኝም። በኋላ ግን ገባኝ።

ምክንያቱም የጫልቱ አባት እሳቸው ናቸው። ጫልቱ ሸነን ገበያ ዳር ሻይ ቤት ነበራት። በላቸው የእሷን ሻይ እንኳ ቆሞ ነበር የሚጠጣው፤ ግን ቆሞ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ከወንዙ ማዶ ገና ጥሩምባውን ሲያሰማ እሷ ሥራዋን ትታ ወደ ወንዙ ትወርዳለች። አንድ ቀን እኔን "ጋሼ ሞገስ፣ ይሄ ሰውዬ መንገደኛ ነው ወይስ ሰው?" አለችኝ። እሱ አጠገቤ ቆሟል። በተደፈነው ጆሮው በኩል ስለሆነች አልሰማትም። ወይም እንዳልሰማ ሆነ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ሽማግሌዎቹ ሁለት የሸነን አዛውንቶችና እኔ ነበርን። እኔ ያኔ ጢሜ እንኳ በደንብ አልበቀለም፤ ግን ለበላቸው በአካባቢው ዘመድ የሚሆነው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ጋቢ አልብሰው፣ በትር አስይዘው አስገቡኝ። ለመሸምገሌ መሳል ያስፈልጋል ብዬ ሳልኩ፤ አንዱ አዛውንት ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ኦቦ ዲንሳ ሰሙን። ዘሩንም ሥራውንም ጠየቁ፣ መለስን። ነገሩ መልካም እየሄደ ሳለ ሽማግሌው አንገታቸውን ወደ በሩ ዘንበል አደረጉ።

"ምንድን ነው የሚያጉረመርመው?"

ሁላችንም አዳመጥን። ከደጅ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ የጭነት መኪናችን ሞተር ድድድድ ይላል። በላቸው መኪናውን አፍንጫውን ወደ አምቦ አዙሮ፣ መሪው ላይ ተቀምጦ፣ ሞተሩን እንዳስነሳ ነው። ይባስ ብሎ የገመዱን ጫፍ ከሰፈሩ ዋርካ አስሮታል። ወንዝ የለ፣ ጭቃ የለ! ልማድ ነው፤ እጁ ራሱ ነው የሚያስረው።

ኦቦ ዲንሳ ወጥተው አዩና ተመለሱ። አልተቆጡም። እንዲያውም ያዘኑ ይመስሉ ነበር።

"ሰውዬው ክፉ አይደለም" አሉ። "ግን ሞተሩን ላላጠፋ ሰው ልጄን አልሰጥም። አጥፍቶ ሲመጣ ንገሩኝ።"

መልሱን ይዤ ስወጣ በትሬ እግሬ መሐል ገብቶ ወደቅኩ። ሽምግልናዬ እዚያው አበቃ።

ስንመለስ በላቸው መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ መንገዱን ብቻ እያየ ነዳ። አንድ ሜዳ ላይ ስንደርስ አቆመ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ወርዶ መኪናዋን ይዞር ጀመር። እኔም ወረድኩ። እየዞረ ነገረኝ፤ አብሬው እየዞርኩ ሰማሁ።

"እኔ ያረፍንበትን ዳርቻ አይቼ አላውቅም፣ ሞጌ። ሌላው ሁሉ ወደ ፊት ያያል፣ የእኔ ፊት ወደ ባሕሩ ነው። በመጨረሻው ጊዜ ወታደሩን አወረድን። ተኩሱ በረታ። 'ጎትት!' የሚል ትእዛዝ መጣ፣ ጎተትኩ። ገመዱ ሲጠቀለል ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ። ዘወር ብዬ አየሁ፤ ያን ጊዜ ብቻ ነው ዘወር ያልኩት። ያወረድናቸው ልጆች ተመልሰው በውሃው ውስጥ እየሮጡ ነው። በሩ ገና አልተዘጋም። እጃቸውን ይዘረጋሉ። እኔ እየጎተትኩ ነው። ከዚያ ፈነዳ።" በእጁ ጆሮውን ነካ። "መርከቧ ዳነች። እኔም ዳንኩ። ደህና ሠራህ ተባልኩ።"

"ታዲያ ያንን ሻንጣ ቆልፈህ ለምን ወደ መርከቧ መመለስ ትፈልጋለህ?" አልኩት።

"እዚያ ሆኜ ሌላ ነገር ብሠራ ኖሮ ማለት አይተወኝም። እዚህ ከሆንኩ ደግሞ ሁልጊዜ እየጎተትኩ ነው።" ከዚያ "ግባ፣ መሸብን" አለ። ፀሐይዋ ገና አናታችን ላይ ነበረች።

ዓመት አለፈ። በላቸው አላገባም፣ አልሄደም። አንድ ሰኞ የወታደር ጂፕ ቢሯችን በር ላይ ቆመ። ታፈሰ የሚባል የመርከብ ጓደኛው ነበር፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ እሱም የሚጮኽ። እነዚያ ሁለት ሰዎች ሲተቃቀፉ የቢሮው ጽሕፈት መኪና መሥራት አቆመ።

"መርከቧ ተጠግናለች" አለው ታፈሰ። "የኋላውን መልሕቅ የሚያውቅ ሰው የለንም። ጆሮህን የሚጠይቅህ የለም። ሐሙስ እንነሣለን፣ ሻንጣህን አውጣ።"

በላቸው ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ ጥርሱ እንደዚያ ብዙ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሻንጣውን አውጥቶ ጂፑ ላይ ሊወረውር አነሣና ተወው። "ነገ ሸነን ደርሼ ልሰናበታት። ረቡዕ ማታ ከእናንተ ጋር ነኝ" አለ።

ማክሰኞ ሄድን። እኔ ለምን ሄድኩ? ገመድ ጠቅላይ ነኛ። ወንዙ ስንደርስ እንደዚያ ሞልቶ አይቼው አላውቅም፤ ቡናማ ውሃ ግንድ ተሸክሞ ይሮጣል። በላቸው እንደ ልማዱ ጥሩምባውን አሰማ። ብዙም ሳይቆይ ጫልቱ በማዶው ዳር ታየች፣ ነጠላዋን አገልድማ። ኦቦ ዲንሳና ጥቂት ገበሬዎችም ተከትለዋት ወረዱ። በክንዳቸው "ተመለሱ!" ይሉናል።

"እውነታቸውን ነው" አልኩት።

"እስከ መሐሉ ገብቼ አያለሁ። ካላማረኝ ትጎትተኛለህ።"

ገመዱን ከዳሩ ሾላ አሰረ። እኔ ከኋላ፣ መጠቅለያው አጠገብ ተቀመጥኩ። ገባን። ውሃው በመንኮራኩሩ ላይ ወጣ፣ በበሩ ወጣ፣ የመኪናው ጎን ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ። ገመዱ ደግሞ ይለቀቃል፣ ይለቀቃል፤ ድንገት ቀጥ አለ። አለቀ። የቆረጠው በበጋው ወንዝ ልክ ነበር። የክረምቱ ወንዝ ሰፍቷል፤ ማዶው ገና ይቀረናል። መኪናው በገመድ እንደታሰረ ጊደር ቆሞ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"በላቸው! ልጎትት?" ብዬ ጮኽኩ።

በጀርባው መስኮት አየዋለሁ፤ ወደ ፊት እያየ ነው። ጫልቱ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታለች። እጇን ዘርግታለች። "ተመለስ!" እያለች ይሁን "ና!" እያለች፣ ውሃው ይጮኻልና አይሰማም። እጇ ግን ተዘርግቷል።

"ልጎትት ወይ! መዋኘት አልችልም እኮ!"

በሩን ከፈተ። በሣጥኑ ጠርዝ ተንጠላጥሎ ወደ እኔ መጣ። እጀታውን የጨበጠውን እጄን ጣት በጣት ፈልቅቆ አስለቀቀኝ። "ይቅርታ ሞጌ" አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀስታ። ከዚያ መጠቅለያውን የያዘውን ብረት በእግሩ መትቶ አወጣው። ገመዱ እንደ እባብ ተፈትሎ ወደ ውሃው ዘለለ፣ ጠፋ። መኪናው ወደ ታች ተወረወረ። እኔ ያኔ የጠራሁትን ቅዱስ ሁሉ ብዘረዝር ወረቀቱ አይበቃኝም። እሱ ተመልሶ መሪው ላይ ወደቀና ነዳጁን ረገጠው።

ዳሩን መታነው። በእውነት መታነው፤ አፍንጫችን ጭቃው ውስጥ ተሰክቶ ቆመ። ሞተሩ ውሃ ጠጥቶ አንድ ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። ያ ዝምታ ዛሬም ጆሮዬ ላይ ነው። በላቸው ባለበት የሞተር ድምፅ አለመኖሩን ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ወረደ። ሁለት እርምጃ ያህል ሄዶ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። በጫፍ አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ፣ እግሩን ዘርግቶ። ጫልቱ አጠገቡ ቆማ ትመታዋለች ወይ ታለቅሳለች፣ አይለይም። ኦቦ ዲንሳ በትራቸውን ተደግፈው መኪናውን አዩ።

"አሁን ጠፋ?" አሉ።

"እኔ አላጠፋሁትም አባቴ፣ ውሃው ነው" አለ በላቸው። ውሸት አይችልም።

"ገመዱንም ውሃው ነው የለቀቀው?"

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው አነሡት።

መኪናዋን በበሬ ጎትተን አወጣናት፤ ወንዙ ግን ሳምንቱን ሙሉ አላሳለፈንም። ታፈሰ ሐሙስ ሄደ። በላቸው ያንን ሐሙስ ከወንዙ ዳር ሲመላለስ ዋለ፣ ግን ፊቱ ወደ ሸነን ነበር። ሠርጉ በመስከረም ሆነ፤ እኔ ከሽማግሌነት ወደ ሚዜነት ዝቅ ብዬ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ልቡ ዐረፈ ብዬ ልዋሽ አልችልም። ምጽዋ መያዟ በተሰማ ጊዜ ሬዲዮኑን ተሸክሞ ግቢውን ሲዞር ከረመ። በኋላም የተረፉት መርከቦች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ የመን ሄዱ ሲባል፣ ከሰሜን የመጣ ወታደር ባየ ቁጥር "በር ያላት ነበረች? ታፈሰ የሚባል ነበረ?" እያለ ይጠይቃል። የሚያውቅ አላገኘም። ጫልቱ ታዲያ "'ከተጠራሁ' የሚልበትን ሻንጣ ተርትሬ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ቦርሳ ሰፋሁበት" ብላ ትስቅ ነበር። ሲመላለስ ታየዋለች፣ አትከለክለውም። ማታ ማታ ግን ይቀመጥ ነበር አለችኝ፤ ተደላድሎ።

ለቀብሩ ከአምቦ ሚኒባስ ተከራየሁ። ሾፌሩ ወጣት ነው፣ ችኩል፤ ሽማግሌ መጫን ያናድደዋል። ወንዙ ላይ ዛሬ ድልድይ አለ። ከድልድዩ በፊት አስቆምኩት። ሾላው አለ። የብረቱ ገመድ ወገቡ ላይ ነበር፤ ዛፉ እየወፈረ ልጡን በላዩ ላይ አሳድጎ ውጦታል፣ በአንድ በኩል ብቻ የዛገ ጫፉ ይታያል። ያዝኩትና ጎተትኩት፣ ያው ልማዴ ነው። አልተነቃነቀም።

"አባባ፣ ሽንት ቤት ነው እንዴ የፈለጉት?" አለኝ ሾፌሩ።

"አዎን" አልኩት። ምን ልበለው?

ከቀብር ተመልሰን ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ሾፌሩ መኪናውን ወደ አምቦ አዙሮ በሩ ላይ አቆመ። እኔም ለቅሶ ደርሼ ቶሎ ልወጣ ነበር ሐሳቤ፤ ጉልበቴም፣ ዝናቡም፣ መንገዱም እያልኩ ስቁነጠነጥ ነበር የመጣሁት። ጫልቱ ግን ከሴቶቹ መካከል አየችኝና ከጎኗ ያለውን ወንበር መታ መታ አደረገች። "ታኣ ጋሼ ሞገስ፤ ቁጭ በሉ" አለችኝ። ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ከውጭ የሚያጉረመርም ነገር ይሰማል። ጫልቱም ሰማችው። ዓይናችን ተገናኘ።

ተነሣሁ፣ በትሬን ይዤ ወጣሁ፣ የሾፌሩን መስኮት አንኳኳሁ።

"ልንሄድ ነው አባባ?"

"አጥፋው" አልኩት።